ለመዝለል የተሰጠ ልዩ ውክልና

ሴትዮዋን ቢሮው ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። አለቃውም፣ ጥበቃውም፣ ባለጉዳዩም «አራት ነጥብ» ነበር የሚላት። በሰነድ ማረጋገጫው መሥሪያ ቤት፣ ሦስተኛው መስኮት ላይ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ተቀምጣለች። አንድ ውል እሷ ፊት ቀርቦ «አልቋል» ካለች በቃ፣ አልቋል። ካላለች ደግሞ ባለጉዳዩ ቢያለቅስ፣ ቢምል ቢገዘት፣ አለቃውን በእጁ ይዞ ቢመጣ ንቅንቅ የለም። ቀን ያልተጻፈበት ወረቀት ሲያጋጥማት ከመነጽሯ በላይ ቀና ትልና፣ «ይሄ የተጻፈው ከጥፋት ውሃ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ትላለች። ባለጉዳዩ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል።

በቃል የሚነገር ነገር አታምንም። ታናሽ እህቷ «እወድሻለሁ እኮ» ስትላት እንኳ «እሺ፣ ጻፊውና መሳቢያ ውስጥ አስቀምጪልኝ» ያለች ሴት ናት።

እህትየው ሚጢ ትባላለች። ዕድሜዋ አርባ አንድ ነው፣ ክብደቷም ቢሆን የሚጢ አይደለም፤ ግን እናታቸው ስትሞት ትንሽ ልጅ ነበረችና ያኔ የወጣላት ስም እስከ ዛሬ አልለቀቃትም። ያሳደገቻት አራት ነጥብ ናት። አሁን ሚጢ ሁለት የፀጉር ማድረቂያ ካስክና አንድ መታጠቢያ ያለው የሴቶች ፀጉር ቤት አላት፤ ማታ ማታ እጇ ሻምፖ ሻምፖ እየሸተተ ወደ እህቷ ቤት ትገባለች። ሁለቱም አላገቡም። ለምን ብሎ የሚጠይቃቸው ሰው ሲመጣ አራት ነጥብ «ጥያቄዎን በጽሑፍ ያቅርቡ» ትለዋለች።

ታዲያ አንድ ሰሞን፣ ምንም ሳይሆን፣ ነገሩ መጣ።

ሰው ሁሉ «ምን ሆነሽ ነው?» ይላታል። ምንም አልሆነችም። የሞተባት የለም፣ የከዳት የለም፣ ጠብም አልነበራት። ጠዋት ስትነቃ ግን ብርድ ልብሱ ብረት የሆነ ይመስል አልነሳ ይላታል። ምግቡ ካርቶን ካርቶን ይላል። እንባዋ ደግሞ ያለ ማመልከቻ ይመጣል። ቢሮ መሄዱን በግድ ቀጠለች፣ ሰውም ደክሟት ነው አለ፣ የመኪናው ጉዳይ እስኪመጣ ድረስ።

አንድ ሰውዬ መኪናውን ሊሸጥ መጣ። ውሉን ያዘጋጀለት ሰው ምን ነክቶት እንደሆነ እንጃ፣ ሻጭ በሚለው ቦታ የገዢውን ስም፣ ገዢ በሚለው ቦታ የሻጩን ስም ጽፎታል። አራት ነጥብ ወረቀቱን አየችው። ማህተሙን አነሳች። መታችው። ሰውዬው መኪናውን ሊሸጥ መጥቶ የገዛ መኪናውን ገዝቶ ወጣ።

ቢሮው ተናወጠ። አለቃው ጠርቶ የሦስት ወር ፈቃድ ሰጣት። የፈቃዱን ደብዳቤ ሲያስጽፍ ሆን ብሎ ቀን አላስጻፈበትም፤ እንድትቆጣው ፈልጎ ነበር። እሷ ዝም ብላ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ይሄኔ አለቃው ከምሩ ፈራና ለሚጢ ደወለ፦ «እህትሽን ሐኪም ዘንድ ውሰጃት።»

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ግን ሰው ሲናገር አታቋርጥም። ሰምታ ሰምታ፣ «ድባቴ ይባላል» አለቻት። «በሽታ ነው። ስንፍናም ቅብጠትም አይደለም።» ከዚያ ወረቀት ሳበችና ጻፈች፦ ልብን የሚያስመታ፣ ላብ የሚያስወርድ እንቅስቃሴ፣ በቀን አርባ ደቂቃ፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለአሥራ ሁለት ሳምንት።

«እዚሁ አካባቢ፣ ከአንድ የዕቃ መጋዘን በላይ፣ የሴቶች የኤሮቢክስ አዳራሽ አለ። ልኩን እንዴት ያውቁታል መሰለዎት? እየተንቀሳቀሱ ማውራት ይችላሉ፣ መዝፈን ግን አይችሉም። መዝፈን ከቻሉ ይጨምሩ፤ ማውራት ካቃትዎ ይቀንሱ።»

«እኔ ደህናም ሆኜ መዝፈን አልችል» አለች አራት ነጥብ።

«በየሳምንቱ እደውላለሁ። ይሄ ብቻውን ካልበቃ መድኃኒትም አለን። ከባሰብዎት ደግሞ ቀጠሮ ብለው አይጠብቁ፣ በዚያው ሰዓት ይምጡ።»

አራት ነጥብ ወረቀቱን አገላብጣ አየችው። ቀን አለው፣ ፊርማ አለው፣ ማህተም አለው። ሕጋዊ ነው። ቤቷ ወሰደችው፣ ራስጌዋ አስቀመጠችው፣ ተኛች።

የመጀመሪያው ሰኞ አልተነሳችም። ረቡዕም እንደዚያው። ዓርብ ዕለት ሚጢ አንድ እግሯን ይዛ ወደ ታች ጎተተች፤ ብርድ ልብሱና አንሶላው መጡ፣ አራት ነጥብ ግን ፍራሹን ይዛ ቀረች።

«አልቻልኩም፣ ሚጢዬ። እግሬ የሰው እግር ነው የመሰለኝ።» ፍራሹን እንደያዘች፣ «አንቺ ሂጂልኝ» አለች።

«የት ነው የምሄድልሽ?»

«አዳራሹ። ዝለይልኝ።»

«እትዬ፣ ሰው በሰው ፈንታ ስፖርት ይሠራል እንዴ?»

«ለምን አይሠራም? ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው በሰው ፈንታ ቤት ሲሸጥ፣ ሲከስ፣ ሲታረቅ አይቻለሁ። አንዱማ በተወካይ ሚስቱን ፈትቷል። መዝለል ከዚያ ይከብዳል?»

ሚጢ ልትስቅ አፏን ከፍታ የእህቷን ፊት አየች። አራት ነጥብ ትራሱን ተደግፋ ቀና ብላለች። እስክሪብቶ እየፈለገች ነው። በስድስት ሳምንት ውስጥ አንድ ነገር ስትፈልግ ስታያት ይህ የመጀመሪያዋ ነበርና ሚጢ ሳቋን ዋጠች፣ እስክሪብቶውን አቀበለቻት። ወረቀቱም እንዲህ ሆኖ ወጣ፦

«እኔ ወካይ፣ በጤና መታወክ ምክንያት በአካል ተገኝቼ መዝለል ስላልቻልኩ፣ ታናሽ እህቴ በእኔ ስምና በእኔ ምትክ በአዳራሹ ተገኝታ እንድትዘል፣ እንድትሮጥ፣ እጆቿን ወደ ላይና ወደ ጎን እንድትዘረጋ፣ ከወገቧ እንድትጎነበስ፣ ላቧን እንድታፈስ፣ እንዲሁም ከዚሁ የሚገኘውን ማናቸውንም ደስታ በስሜ እንድትቀበል በዚህ ልዩ ውክልና ሥልጣን ሰጥቻታለሁ።»

መሥሪያ ቤቱ ለታመመ ሰው ቤት ድረስ ሄዶ የማረጋገጥ ልማድ አለው። የአራተኛው መስኮት ባልደረባዋ፣ ረጅሙ ሰውዬ፣ መዝገቡንና ማህተሙን በቦርሳ ይዞ መጣ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ሌላ ሰው ቢሆን በሳቅ ይፈርስ ነበር። እሱ ግን ግንባሩን ቋጠረ።

«እዚህ ጋ ችግር አለ» አለ። «‹ከወገቧ እንድትጎነበስ› ይላል። ቀና ማለትን አይጠቅስም። ነገ አንድ ክርክር ቢነሳ እህትሽ ተጎንብሳ ልትቀር ነው?»

አራት ነጥብ አሰበችበት። «ልክ ነህ» አለችና «እና ቀና እንድትል» የሚለውን ጨመረች። ማህተሙ ተመታ።

የአዳራሹ አሠልጣኝ ፊሽካ ነው የምትባለው። አንገቷ ላይ ከምታንጠለጥለው ፊሽካ የተነሳ ነው፤ ያንን ፊሽካ ሰላም ለማለትም ትነፋዋለች። ሚጢ ወረቀቱን ስትሰጣት ከላይ እስከ ታች አነበበች፣ ገልብጣም አየች። የምትከለክልበት ምክንያት ፈልጋ አጣች። «እኔ ሕግ አላውቅም፣ ማህተም ካለው ግን ምን አገባኝ» አለች፤ ከዚያ ጥቁሩን መዝገብ አወጣችና ጻፈች። አዳራሹ በአንድ ዙር የሚቀበለው ሃያ አምስት ሴት ብቻ ነው፤ እነሱ ሲመዘገቡ ሞላ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስም ይጠራል። ሦስት ቀን በተከታታይ የቀረች ቦታዋን ታጣለች።

«አራት ነጥብ!» ትላለች ፊሽካ።

«አለሁ!» ትላለች ሚጢ። «ተወካይ!» ስትባልም እንደገና «አለሁ!» ትላለች።

የመጀመሪያው ቀን ማታ ሚጢ ወለል ተወልውሎበት እንደተጨመቀ ጨርቅ ሆና ገባች። አራት ነጥብ ሪፖርት ጠየቀች። «በስምሽ አርባ ደቂቃ ዘለልኩ» አለች ሚጢ መሬት ላይ ተዘርራ። «ላብሽ በጣም ነው የወረደው። አንዴማ ልትወድቂ ነበር፣ አጠገብሽ ያለችውን ሴትዮ ይዘሽ ተረፍሽ።»

«እኔ ምንም አልተሰማኝም።»

«ገና የመጀመሪያ ቀንሽ ነው እኮ።»

ሐኪሟ በየሳምንቱ ትደውላለች። «ስፖርቱ እንዴት ነው?» ስትል፣ አራት ነጥብ «በሚገባ እየተሠራ ነው» ትላለች። ውሸት አልተናገረችም፤ ማን እንደሚሠራው አልተጠየቀችም።

በሦስተኛው ሳምንት ግን አንድ ነገር መታየት ጀመረ። ሚጢ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ትወጣለች። እንቅልፏ እንደ ልጅ እንቅልፍ ሆነ። መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ከዜማ ጋር ምንም ዝምድና በሌለው ድምፅ፣ ትዘፍናለች። በአምስተኛው ሳምንት ለራሷ ፀጉሯን ተሠራች፤ ያ ደግሞ ከፀጉር ሠሪ የሚጠበቅ ነገር አይደለም። አራት ነጥብ ከብርድ ልብሱ ሥር ሆና ይህን ሁሉ ታዳምጣለች። ቆሽቷ አረረ።

እሑድ ጠዋት ጠራቻት። «ተቀመጪ። ተወካይ በውክልናው ያገኘውን ሁሉ ለወካዩ ማስረከብ እንዳለበት ታውቂያለሽ?»

«እኔ የማውቀው የፀጉር ቢጎዲን ነው፣ እትዬ።»

«እወቂው። አምስት ሳምንት በስሜ ስትዘልይ ቆየሽ። ደስታው የኔ ነው፣ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። የታለ? እኔ እዚህ ተኝቼ አንቺ መታጠቢያ ቤት ውስጥ በኔ ደስታ ትዘፍኛለሽ። በሰው ስም መደሰት ሌብነት ነው!»

ሚጢ መጀመሪያ ሳቀች። አራት ነጥብ አልሳቀችም። ሚጢ ሳቋ አለቀና አልጋው ጫፍ ላይ፣ ረጅሙ ሰውዬ ተቀምጦበት የነበረው ቦታ ላይ፣ ተቀመጠች።

«እኔ ደህና የነበርኩ ይመስልሻል?» አለች። «ዓመት ሙሉ እኮ ነው። ደንበኛ ካስክ ውስጥ አስገባና ፎጣ የማስቀምጥበት ቁም ሳጥን ጋ ሄጄ አለቅሳለሁ። ዓይንሽ ምን ሆነ ሲሉኝ ሻምፖ ገብቶበት ነው እላለሁ። አንዷማ አዝና ሻምፖ ቀይሪ ብላ መከረችኝ። ልነግርሽ ስል አንቺ ታመምሽ። በአንድ ቤት ሁለት ታማሚ ማን ያስታምማል? ተራውን ለአንቺ ለቀቅሁ።» አፍንጫዋን ጠረገች። «ደስታ በእጅ የሚሰጥ ነገር ቢሆን በፌስታል ቋጥሬ አመጣልሽ ነበር። አልሆነልኝም። ከዛሬ ወዲያ ግን በስምሽ አልዘልም። ሌባ ተብዬ አልዘልም።»

አራት ነጥብ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዋ ሳበችው።

ሰኞ ሚጢ አዳራሽ አልሄደችም። ረቡዕም ቀረች። ዘፈኑ ቆመ። ሐሙስ ማታ ከሥራ ስትገባ ዓይኗ ቀልቷል።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ሻምፖ ነው።»

ያቺን አንዲት ቃል አራት ነጥብ አወቀቻት። ለራሷ ይህን ሁሉ ጊዜ ያልተሰማት ፍርሃት ለእህቷ በአንድ ጊዜ ተሰማት። ልጅቷ መድኃኒቷን አግኝታ ነበር፣ የነጠቀቻት ደግሞ እሷ ናት።

«በራስሽ ስም ሂጂ» አለቻት።

«ጠይቄያለሁ። ፊሽካ ሃያ አምስቱ ሞልቷል፣ መርፌ መጣያ ቦታ የለኝም አለች። እኔ የገባሁት በአንቺ ወረቀት ነው። አንቺ ራስሽ ሄደሽ ውክልናውን ሽረሽ ቦታውን ከለቀቅሽልኝ ነው እንጂ። እሱም ነገ ነው፤ ነገ ከቀረን ሦስተኛ ቀናችን ነው፣ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።» ሚጢ ጫማዋን አወለቀች። «ተይው በቃ፣ እትዬ። አንቺ ከአልጋ መነሳት አትችይም። አላስቸግርሽም።»

ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አራት ነጥብ ልነሳ ብላ አሰበች። አራት ሰዓት ላይ አንድ እግሯን አወጣች። አምስት ሰዓት ላይ በረዳትና መለሰችው። ስድስት ሰዓት ላይ አለቀሰች፤ ሰባት ሰዓት ላይ ማልቀሱ ራሱ ሰለቻት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቁጭ አለች። አሥር ሰዓት ላይ ቆመች፣ የሽረት ማመልከቻዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ጻፈች፣ ብርድ ልብሱን ደግሞ፣ ለምን እንደሆነ ራሷም አታውቅም፣ አጠፈችው። የጫማ ክር ማሰር ግን ከአቅሟ በላይ ሆነ። በነጠላ ጫማ ወጣች።

ቢሮው የሚዘጋው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። መንገዱ የውሃ ቧንቧ ሊቀበርበት ከዳር እስከ ዳር ተቆፍሯል፤ ታክሲ የሚባል ነገር ዝር አይልም። ተራመደች። ሰዓቷን አየች። ፈጠን አለች። ሰዓቷን ደግማ አየች፣ ከዚያ ቦርሳዋን ብብቷ ሥር ወትፋ፣ ነጠላ ጫማዋ ጧ ጧ እያለ፣ እግሬ አውጪኝ አለች። ሐኪሟ ያለቻት ትዝ ሲላት ማውራት መቻል አለመቻሏን ልትሞክር፣ «እኔ ወካይ... ሰጥቼ የነበረውን... ልዩ ውክልና... ከዛሬ ጀምሮ...» እያለች ትሮጣለች። ጉድጓድ የሚቆፍሩት ሰዎች አካፋቸውን ይዘው ቀና አሉ። አንዱ መንገድ ለቀቀላት።

መሥሪያ ቤቱ ደረጃ ላይ ጥበቃው አላወቃትም፤ «ቀስ ይበሉ እንጂ!» ብሎ ጮኸ። አራተኛ ፎቅ ስትደርስ ለአሥራ አንድ ሰዓት አምስት ጉዳይ ነው። ሦስተኛው መስኮት ላይ የማታውቃት ወጣት ልጅ ተቀምጣለች፤ በእሷ ቦታ የተተካች መሆን አለባት። አራት ነጥብ መናገር ስላልቻለች ማመልከቻዋን ብቻ ገፋ አደረገችላት።

ልጅቷ አነበበች። ከመነጽሯ በላይ ቀና አለች።

«እናቴ፣ ቀን የለውም» አለች። «ይሄ የተጻፈው ከጥፋት ውሃ በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

አራት ነጥብ ልጅቷን አየች፣ ወረቀቱን አየች። ከዚያ ከሆዷ ውስጥ የሆነ ነገር ተነሳ። መጀመሪያ ሳል መሰላት። ሳቅ ነበር። ትንፋሽ የለ፣ ሳቅ አለ፤ መስኮቱን በሁለት እጇ ይዛ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ረጅሙ ሰውዬ ከአራተኛው መስኮት ዘሎ ወጣና «እሷ ናት! እሷ ናት!» እያለ ውሃ ሊያመጣ ሮጠ። ልጅቷ ደንግጣ ቆማለች፣ ግን ማህተሙን አልነካችውም። ቀኑ እስኪጻፍ ድረስ ንቅንቅ አላለችም። አራት ነጥብ በጣም ወደደቻት።

አንድ ሳቅ ግን ሰው አያድንም። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ጠዋት ብርድ ልብሱ አሸንፏታል፣ ከዚያም በኋላ ሐኪሟ ዘንድ ብዙ ተመላልሳለች። ያን ዕለት ግን ማህተም ያረፈበት ወረቀት በእጇ ነበር፣ አዳራሹም ሦስት መንገድ ወዲያ ነው።

ፊሽካ የሽረት ወረቀቱን ተቀበለች። «እና አሁን ቦታሽን ለእህትሽ ትለቂያለሽ?»

«እ... እለቃለሁ።»

«እዚህ ላይ ፈርሚ» ብላ ጥቁሩን መዝገብ ዘረጋችላት።

አራት ነጥብ መፈረም ያለባትን ቦታ ፈለገች። ዓይኗ በልማዱ ከላይ ወደ ታች ወረደ። ቆመ። ተመልሶ ወጣ። በሰባተኛው ተራ «አራት ነጥብ» ይላል። በስምንተኛው ተራ «የአራት ነጥብ ተወካይ» ይላል።

«ይሄ... ምንድን ነው?»

«ወካይና ተወካይ ነዋ። ወረቀቱ ላይ ሁለት ሰው ነበር፣ ሁለቱንም መዘገብኩ።»

«ስንት ሴት ነው... የምትዘለው?»

«ሃያ አምስት። ግን...» ፊሽካ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እውነቱን ልንገርሽ፣ በቆጠርኩ ቁጥር አንድ ይጎድለኛል። አንዷ ሽንት ቤት እየተደበቀች መስሎኝ አምስት ሳምንት በር ሳንኳኳ ነው የኖርኩት።»

አራት ነጥብ መነጽሯን አወለቀች፣ ላቡን ጠረገች፣ መልሳ አደረገችው። ከስንት ጊዜ በኋላ የያዘችው የመጀመሪያ ስህተት ነው፤ አጣጣመችው። «የጎደለችው እኔ ነኝ» አለች። ስምንተኛውን ተራ ሰርዛ «ሚጢ» ብላ ጻፈች፣ አጠገቡ ፈረመች፣ ቀን አኖረችበት። ሰባተኛውን ተራ አልነካችውም።

ይሄኔ በሩ በርግዶ ተከፈተ። ሚጢ ናት፤ ሽርጧን አላወለቀችም፣ ማበጠሪያው እጇ ላይ ነው። ቤት ብቅ ስትል ባዶ አልጋና የታጠፈ ብርድ ልብስ አይታ ልቧ ቀጥ ብሎ ነበር። ቢሮ ድረስ በረረች፤ ጥበቃው «ሮጣ ሄደች» ሲላት «ሮጣ?» ብላ ሁለት ጊዜ አስደገመችው። አሁን እህቷን በነጠላ ጫማ ቆማ ስታያት መናገር አቃታት። አራት ነጥብም መናገር አቃታት። እንደ ሐኪሟ ልክ ሁለቱም መቀነስ ነበረባቸው። ሚጢ አቀፈቻት፤ ማበጠሪያው የአራት ነጥብ ፀጉር ውስጥ ተሰካ።

ፊሽካ ፊሽካዋን ነፋች። «ተሰለፉ! ስም ልጠራ ነው!»

ሴቶቹ ተሰለፉ። አራት ነጥብ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ቆመች። ስድስት ስም ተጠራ፣ ስድስት ሴት «አለሁ» አለች።

«አራት ነጥብ!»

«አለሁ!» አለች ሚጢ በልማድ።

«ተሽሯል!» የሚል ድምፅ ከኋላ ተሰማ። ሁሉም ዞረው አዩ። ሴትየዋ ጉልበቷን ይዛ ጎንበስ ብላ ታለከልካለች። ቀና አለች።

«አለሁ» አለች።